ቀኝ አውለኝ

የካቲት አጋማሽ፣ ሳስካቱን ከተማ፣
የቀያሾች ቢሮ፣ ምድር ቤት፣ ጨለማ፤
ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ገብቷል፣
የመኪናዬ ሞተር ገመድ ተሰክቶለታል።
እኔ በዚህ ቤት ውስጥ አዲስ ሠራተኛ፣
ኮምፒውተሬ ግን የሌላ ሰው ጓደኛ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ኦረስት የሚሉት ሰው
ወንበሩን በጀርባው ልክ አጎድጉዶ የጨረሰው።

ግራ ጠቅታ ይከፍታል፤ ይህን ልጅም ያውቃል።
ቀኝ ጠቅታ ግን ትሑት ነው፣
«ምን ላድርግልሽ?» ብሎ ደጅ ላይ ይጠብቃል።
የኦረስት ቀኝ ግን መጠበቅ አያውቅም፣
አንዴ ከጀመረ ታች ሳይደርስ አይለቅም፦
«ጭመቅ»፣ «ፍታ»፣ «መርምር»፣ «በፋክስ ላክ»፣ «ቅዳ»፣
ከሞቱ የቆዩ ፕሮግራሞች የስም ዕዳ፤
ከስክሪኑ ግርጌ ወርዶ ወደ ላይ የሚታጠፍ፣
እንደ ዕድር መዝገብ የሟች ስም የማይገደፍ።

እኔ የምፈልገው «ስም ቀይር»ን ብቻ፤
እሷ ከመሀል ናት፣ ከግፊያው መቋጫ።
ግራ የገባው ሰው ቀኙን ይጫናል ሲባል፣
የኔስ ቀኝ ራሱ ግራ ያጋባል።

በምሳ ሰዓቴ ሬጂስትሪውን ከፈትሁት።
(አይነካም ይላሉ። ቅጂ አስቀምጬ ነካሁት።)
ቁልፍ ከቁልፍ ሥር፣ ከሥሩም ሌላ ቁልፍ፣
ሲልጡት ሲልጡት ልጣጭ የሚተርፍ።
ፋክሱን ነቀልሁት። ሲዲውን አሰናበትሁ።
ሦስት ጸረ ቫይረስ በየተራ ቀበርሁ።
ማጥፋት ደስ ይላል። ለካ ስስታም አልነበርሁ።

ከሁሉም ግርጌ ግን፣ ብቻዋን፣ ያለ ሥዕል፣
አንዲት መስመር አለች፤ «ለሎሬን ላክ» የምትል።

ሎሬን ማን ናት?
የአንድ ስንዴ እርሻ ካርታ መርጬ ላክሁላት።
ማሽኑ አሰበና፣ «መድረሻው የለም» አለኝ።
ማርጆሪ ትከሻዋን ሰብቃ፣ «እሱን ጠይቂ» አለችኝ።

እኔ ግን ሳልጠይቅ ልብ ወለድ ጻፍሁላት፦
ሎሬን ሦስተኛ ፎቅ፣ አጭር ጸጉር ያላት፣
ኦረስት ጠዋት ጠዋት ካርታ የሚልክላት፣
የሌለ ስሕተት ፈልጋ በቀይ የምትመልስ ናት፤
ኋላ ወደ ኬሎውና ሕይወት የወሰዳት፣
እሱም ከዝርዝር ግርጌ በስሟ ያስቀራት።

እንባዬ ሊመጣ ሲል ስልክ ደወልሁለት።

«ሎሬን?» አለ ኦረስት፣ ሳቁ ሳል እስኪሆን፣
«ፕሎተሯ ናት እኮ! ትልቋ ማተሚያ ማሽን!
ቀለም የምትተፋ፣ በብርድ የማትነሣ፣
ለብረት ለቃሚ የሰጠናት በአንድ ምሳ!»

ልብ ወለዴን አጥፌ፣ ልሰናበተው ስል፣
ምላሴ አላርፍ አለ፦ «ስሙን ማን አወጣላት?»
ዝም።
ከወዲያ የማንቆርቆሪያ ፉጨት።
«እሱ ሌላ ነገር ነው» አለ። «በረዶ አለብኝ ደጄ ፊት።»

አላጠፋኋትም።
ከስሟ ሥር አንዲት ባዶ ቃል ጨመርሁላት፣
ሺፍትን ይዞ ቀኙን ለተጫነ ብቻ የምታሳያት።
ላልያዘ የለችም። ለያዘ ግን አለች፣
መድረሻዋ ጠፍቶ፣ ልላክ እያለች።

አሁን የኔ ዝርዝር አምስት መስመር ብቻ ናት።
አራቱ ሥራ ናቸው፦ በቀን መሰየም፣ ማሽከርከር፣
ወደ ማኅደር ማዛወር፣ ጎረቤት እርሻ መፈለግ።
አምስተኛዋን በፊደላችን ጻፍሁባት፦ «ቀኝ አውለኝ»።
ከጀርባዋ ትእዛዝ የለም።

ማርጆሪ አየቻት።
«ምን ትሠራለች?»
«ምንም።»
«ታዲያ ለምን አትጠፋም?»
«ጠዋት ስገባ እጫናታለሁ።»
መነጽሯን አውልቃ ስክሪኑን በቅርብ አየችው፣ ሄደችም።

ሐሙስ ከምሳ ስመለስ፣ ወንበሬ ገና ይሞቃል፤
ማውሱ ከኪቦርዱ በግራ በኩል ተቀምጧል።
ማርጆሪ ግራኝ ናት።